ከቡሄ በኋላ ያለው ክረምት

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው አባባል ነው። ለእኛ ለደብረ ታቦር ልጆች ደግሞ ይበልጥ ዘመዳችን ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል የከተማችንም ስም ነውና። ጌታ በገሊላው ታቦር ተራራ ብርሃኑን ሲገልጥ እረኞች እዚያው አመሹ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘውላቸው ሄዱ ይባላል። ችቦውንም ሙልሙሉንም ከዚያ ያመጡታል። ቡሄ ማለት ገላጣ፣ ብርሃን ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ ከቡኮ ጋር የሚያዛምዱትም አሉ።

ታዲያ አባባሉ እውነት ነወይ? የጉናን ክረምት የሚያውቅ ይፍረድ! ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ተራራ በቡሄ ማግስትም ጉም እንደለበሰ ነው። ጅራፋችንን የምናጮኸው እኮ ጭቃ ላይ ቆመን ነው! በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። ቆጠርነው፤ ጳጉሜ 5 በሆነችበት ዓመት ከቡሄ በኋላ ገና 47 ቀን አለ። ዶሮውም ቢሆን የሚጮኸው በጨለማ ነው። «አባቶቻችን ተሳስተዋል» ብለን ልንስቅ ቃጥቶን ነበር።

ሳቃችንን የመለሰብን አንድ የቡሄ ማግስት ማታ ነው። ትምህርት ተዘግቶ ሦስት ጓደኛሞች ከአንዳችን ቤት እሳት ከበን ሙልሙል እንገምጣለን። አንዲት ጎረቤት ነጠላቸው በስብሶ ገቡ፤ አንድ ቁና ገብስ ሊበደሩ። የአምናው አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው። ከእኛ አንዱ ላጽናና ብሎ፦

«አይዞዎት እማማ፣ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» አላቸው።

«ልጆቼ» አሉ ሴትዮዋ፣ «እኛ ዶሮ ሲጮኽ ተነስተን በእጅ ስንፈጭ ነው ያደግነው። ሌሊቱ የሚረዝመው እኮ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ነው።»

ዝም አልን። የጓደኛችን እናት ግን ምንም ሳይናገሩ ተነሱና ቁናውን እስከ አናቱ ሞልተው ሰጧቸው።

ኋላ ነገሩን ስናብላላው አንድ የቆሎ ተማሪ የነበረ ጓደኛችን ያላሰብነውን ነገረን። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው የክረምት ክፍል «ዕጓለ ቋዓት» ይባላል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፣ ምግብ አጥተው ወደ ፈጣሪያቸው የሚጮኹት። ቡሄ የሚውለው በእነሱ ወራት ነው። ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ያለው ደግሞ «ጎሐ ጽባሕ» ነው፤ ንጋት። ክረምቱን እንደ ሌሊት ያየው አባባሉ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ አባቶቻችን ዝናቡን ሳያዩት ቀርተው አይደለም። «የለም» ሲሉ «አበቃ» ማለታቸው ሳይሆን «ትልቁን ተሻግረነዋል፣ ጥቂት እንቻል» ማለታቸው ነው። ችግሩን የሚችለው ሰው ለራሱ ሲናገረው ያበረታል። ጠግቦ እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ለተራበ ሲናገረው ግን «ሂድ፣ ይነጋልሃል» ብሎ መሸኘት ይሆናል። ያን ማታ ትርጉሙ የገባቸው ቁናውን የሞሉት እናት ነበሩ፤ እኛ ቃሉን ብቻ ነበር የምናውቀው።

ቡሄ ሲመጣ ጅራፋችንን እናጮኻለን፣ አባባላችንንም እንላለን። ከማለታችን በፊት ግን ጎረቤታችን ለቀሩት 47 ቀናት ምን እንዳለው እንጠይቅ።