ከቢቸና እስከ ሰባራ ድልድይ በእግር ሩጫ

የእግር ሩጫ ወሬ የሚከታተል አንባቢ፣ ማራቶን ያላጠገባቸው ሰዎች በዓለም እንዳሉ ሳይሰማ አልቀረም። በሞሮኮ በረሓ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው «ማራቶን ዴ ሳብል» 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ርቀቱ በየቀኑ ተከፋፍሎ ይሮጣል፤ ሯጩም ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ ይጓዛል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የባሕሩን ጠረፍ ይዞ፣ ሦስት ቀን በተከታታይ፣ በየቀኑ ማራቶን የሚያህል የሚሮጥበት ውድድር ተደርጓል። ሯጩ ከገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ባሕሩን ቁልቁል እያየ ይሄዳል።

ታዲያ ባሕር የሌለን እኛ ከዚህ ነገር ምን ድርሻ አለን ብትሉ፣ ካርታ ዘርግታችሁ ጎጃምን ተመልከቱ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደቡብ፣ ኋላም ወደ ምዕራብ ታጥፎ አገሩን በሦስት ወገን ይከበዋል። ጎጃም ደሴት ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው። ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው በግራው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጮቄን፣ በቀኙ የዓባይን ሸለቆ ይዞ ይጓዛል። የኛም ጠረፍ ይኸው ነው።

እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ይህን መንገድ በኅዳር ወር፣ ጤፉ በሚታጨድበት ሰሞን፣ እየሮጥንም እየተራመድንም እስከ ሞጣ በአራት ቀን አደረግነው። በክረምት ማንም አይሞክረው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሲጨርስ፣ የረገጠው ድንጋይና አስፋልት ነበር፤ የቢቸናን ዋልካ በሐምሌ ቢረግጠው ግን ምን ይል እንደ ነበር እንጃ!

ከቢቸና እስከ ሞጣ በአየር እንኳ ቢለካ 80 ኪሎ ሜትር ያህላል፤ በእግር ሲሆን ከሁለት ማራቶን ያልፋል። ርቀቱስ ይቻላል። የሚያስቸግረው ከጮቄ እየተነሡ ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ሱሓ ያሉት ወንዞች መንገዱን እየቆራረጡ ማለፋቸው ነው። ሜዳ ነው ሲሉት ቁልቁለት ይሆናል፤ ከቁልቁለቱም በኋላ ዳገት አለ። ቢቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ አየሩ በጠረፍ ካለው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። እንግዳ ሰው በዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የአገሩ ልጅ ግን ለምዶታል።

ሰው ዳገትን ይፈራል እንጂ ጉዳቱ ያለው በቁልቁለት ነው። ሲወርዱ የጭን ፊተኛው ጡንቻ የሰውነትን ክብደት እየገታ፣ እየተለጠጠ ይሠራል፤ በዚያም ይጎዳል። ሕመሙ በዕለቱ አይታወቅም፤ የሚጠነክረው በማግሥቱና በሠልስቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከባልደረቦቼ አንዱ ካደርንበት ቤት ደጃፍ ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች የኋሊት ወረደ። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ከኋላችሁ የቀረውን ሰው አትናቁት።

ስንቃችን ጨው የገባበት በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር። የፈረንጅ ሯጭ በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ምግብ ይይዛል፤ እኔ ግን በሶ ይበልጣል ባይ ነኝ። ይህን ስንቅ እኛ የፈጠርነው አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር ስንት ቀን በእግሩ የተጓዘበት አገር ነው። በቅኔ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በዲማና በደብረ ወርቅ ተምረዋል።

በመጀመሪያው ቀን ደብረ ወርቅ፣ በሁለተኛው መርጡለ ማርያም አደርን። መርጡለ ማርያም ሲደርሱ እግር ቢያምም ፍርስራሹን ሳያዩ መተኛት አይገባም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ንግሥት እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በጦርነት ከተቃጠለ በኋላ በሱስንዮስ ዘመን እንደ ገና ተሠርቷል። ከቀሩት ግድግዳዎች ላይ የተቀረጸው የድንጋይ አበባ ዛሬም ያስደንቃል።

ከዚያ ወደ ሞጣ ስንሮጥ አንዲት አሮጊት ከማሳ ዳር ቀና ብለው፣
«ኧረ ልጆቼ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉን።
«ማንም አልሞተብን እናቴ፣ እንዲያው ሩጫ ነው።»
«ያለ ጉዳይ?» አሉና ጥቂት ካሰቡ በኋላ በቅል ጠላ አመጡልን።

እኛ ሳቅን። ነገር ግን ሞጣ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ አንድ ረጅም ዳገት ላይ ከኋላችን የእግር ኮቴና «ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከቆላው ይመጡ ነበር። በቃሬዛው ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ ወደ ሞጣ ሐኪም ቤት ነው የሚሄዱት። አራቱ ተሸክመው አራቱ ከጎን እየሮጡ፣ ሳይቆሙ ትከሻ ይለዋወጣሉ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምረው ነበር የተነሡት። ጥለውን ሄዱ! ኋላ ደርሰን ትከሻ ብናበድርም፣ እኔ ከሁለት መቶ እርምጃ በላይ አልቻልሁም፤ እነርሱ ግን እስከ ከተማው አደረሷት። ማታ ስንጠይቅ ሴት ልጅ መውለዷን ሰማን።

በማግሥቱ ወደ ሰባራ ድልድይ የወረድነው ይህን እያወራን ነበር። ድልድዩ ከሞጣ በስተሰሜን፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኝ ነው። መንገዱ ሲወርድ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ በደጋው የተጠቀለልንበትን ጋቢ በወገባችን አሰርን። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ፣ ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ሰዎች በሁለቱ ስባሪ ጫፎች ቆመው ገመድ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው በገመዱ ታስሮ በዓባይ ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህንን ሥዕል በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ ተነሣ። በ2002 ስባሪው በብረት ተጋጠመ፤ ብረቱን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ደግሞ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በገመዱ ዘመን ቃሬዛ እንዴት ይሻገር እንደ ነበር ባልደረቦቼ ሲከራከሩ፣ እኔ ስባሪው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ማዶው አንዳቤት ነው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ያለው ዳገት ሌላ ሳምንት ይፈልጋል።