ቅሬያችን ለሞት ብቻ ነውን?



የተወለድነው በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ወረዳ ገጠር ነው። ጠዋት መድረሳ ቁርአን እየቀራን፣ ከዚያም በመንግሥት ትምህርት ቤት እየተማርን አደግን። ዛሬም እዚያው አቅራቢያ እናስተምራለን። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ራሳችን ጥፋት ነው።

ታላቅ እህታችን በ1997 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄደች። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ተማርን፤ የአባታችን ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፤ እኛም ተዳርን። በሠርጋችን ዕለት ሁለት በሬ አረድን። ድግሱን ከበሉት ጎረቤቶቻችን መካከል የሚጠምዱት በሬ በማጣት መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው የምርታቸውን ግማሽ የሚያስረክቡ ነበሩ። ይህን እያወቅን አላፈርንም።

በ2006 የሳዑዲ መንግሥት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ሲመልስ እህታችንም አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች። ቤቱን ዞራ አየችና፣ «ወንድሜ፣ ዘጠኝ ዓመት ላቤን ላክሁላችሁ። ቆርቆሮ እንደሁ አይታለብ፣ አይጠመድ። አሁን ምን ይዘን እንኑር?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን ልጁን ወደ ዐረብ አገር ሊልክ ተዘጋጀ። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ «በሬዬ ሞተ። ከአራጣ አበዳሪ ልበደር? እርም ነው። መሬቴን በወለድ አገድ ልስጥ? እሱም ያው ነው። ልጄ ሄዳ በሬ ትግዛልኝ» አለን። አንድ በሬ ለማግኘት አንዲት ልጅ ልትሄድ ነበር!

እኛ ግን ቅሬ ነበረን። ሰው ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላ፣ በየወሩ ከየቤቱ እየተዋጣ የሚጠራቀም ገንዘብ ያለው ቅሬ። ለሙታችን እንዲህ የምንረባረብ ሰዎች ለቆመው ጎረቤታችን ስለምን እጃችንን ሰበሰብን?

ነገሩን በቅሬው ስብሰባ ላይ አነሳን። አንድ አባት ተቆጡ፤ «የቅሬ ገንዘብ አማና ነው። ነገ ጀናዛ ሲወጣ ምን ልንል ነው? ለበሬ አበደርነው ልንል?» አሉ። ቁጣቸው ተገቢ ነበር። ስለዚህ በምክክር ገንዘቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለቀብር እንዳይነካ፣ ግማሹ ያለ ጭማሪ በቀርድ ሐሰን እንዲሰጥ ተስማማን። ተበዳሪው ሁለት ዋስ ይጠራል፤ በሁለት መኸር ይመልሳል። ዕዳን መጻፍ የቁርአን ትእዛዝ ነውና መዝገቡ ለእኛ ተሰጠ።

በመጀመሪያው ዓመት በሬ የገዙት ሁለት አባወራዎች ብቻ ነበሩ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ደግሞ ፍየሎች ገዝታ አደለበች፤ ባቲ ገበያ ሰኞ ወስዳ ሸጠችና ከሁሉም ቀድማ ከፈለች። የዚያ ጎረቤታችን ልጅ አልሄደችም፤ ትምህርቷን ቀጠለች። በ2014 ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ የአንዱ ተበዳሪ በሬ ጠፋ። አራጣ አበዳሪ ቢሆን ኖሮ መሬቱን ይወስድበት ነበር። ቅሬው ግን የተቸገረን ተበዳሪ እንድንታገሥ ታዘናልና ጊዜ ሰጠው።

አቡ ዳውድ ከአነስ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ታሪክ አንድ ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ያለውን ልብስና ዕቃ አስመጥተው በሁለት ዲርሃም ሸጡለት፤ በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ ነገሩት። እጀታውንም በገዛ እጃቸው ገጠሙለትና እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥ ላኩት። ከ15 ቀን በኋላ ዐሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ። እነሆ፣ ካለው ላይ ተነሥቶ እንዲሠራ አደረጉት።

ከ2013 ወዲህ ዘምዘምና ሂጅራ የተባሉት ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ መጀመራቸው ትልቅ ኒዕማ ነው። ሆኖም አንድ በሬ ለጎደለው ገበሬ ከሁሉ የሚቀርበው፣ ጠባዩንም የሚያውቀው ቅሬው ነው።

በቅሬ ገንዘብ ችግር ሁሉ ይወገዳል አንልም። ዝናብ ሲጠፋ ሁላችንም እኩል እንቸገራለን፤ ዛሬም ፓስፖርት የሚያወጡ ልጃገረዶች አሉ። ነገር ግን ለአንድ በሬ ሲባል የምትሄድ ልጅ እንዳትኖር ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

እህት ወንድሞቻችን! በቀጣዩ የቅሬ ስብሰባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ከመካከላችን ዘንድሮ በሬ የሌለው ማን ነው?» በሉ። ሠርግ የምትደግሱም፣ ከምታርዱት አንዱን በሬ ለሚያርስበት ስጡት። እኛ ይህን ያወቅነው ካረድን በኋላ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለመልካም ሥራ ይወፍቀን። አሚን።