ለጣት መልስ የሚሰጥ ቁልፍ

ሰው በእጁ የሚይዘው መሣሪያ ሁሉ ከእጁ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ አለው። ገበሬ እርፉን በያዘ ጊዜ ማረሻው ከድንጋይ ጋር መገናኘቱን ጎንበስ ብሎ ሳያይ ያውቀዋል። ሸማኔም ክሩ መላላቱን ዓይኑ ሳያይ እጁ ይነግረዋል። በዛሬው ጊዜ በየቢሮአችንና በየቤታችን የምንጽፍባቸው የኮምፒዩተር ኪቦርዶች ግን አብዛኛዎቹ ለጣት መልስ መስጠትን ትተዋል። ዓይኑ ደኅና የሆነ ሰው በዚህ ዝምታ አይጎዳም፤ የጻፈውን በስክሪኑ ላይ ይመለከታልና። ዓይኑ ለደከመ ሰው ግን የመሣሪያው ዝም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ስለ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ለአንባቢዎቻችን ልናወራ የተነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፥ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብን እንደ ቁም ነገር ቆጥረን አይደለም።

አባታችን በትግራይ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአስተማሪነት ያገለገሉ፥ አሁን ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ናቸው። እንደ እኛው በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። በወጣትነታቸው የጽሕፈት መኪና በተማሩ ጊዜ መምህራቸው የተማሪዎቹን እጆች በጨርቅ ይሸፍኑባቸው ነበር፤ ይኸውም ዓይን ሳይረዳው ጣት መንገዱን በራሱ እንዲለምድ ነው። ይህ ትምህርት ከብዙ ዘመን በኋላ የሚጠቅማቸው መሆኑን በዚያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር? ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም፥ አንድ ጊዜ የወሰደውን ብርሃን የማይመልሰው፥ ቀስ በቀስ እይታቸውን ቢያጠብባቸው አዲስ አበባ ወዳለው ቤታችን አምጥተን አብረውን እንዲኖሩ አደረግን።

እንግዲህ አቦይ አንድ አሳብ ነበራቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ተወልዳ ያደገችው በዚህ ከተማ ስለ ሆነ ትግርኛን ትሰማለች እንጂ አትመልስበትም። ስለዚህ የአገራቸውን የሜዳና የወንዝ ስም፥ የእናታቸውን ተረትና ምሳሌ፥ በዱሮ ጊዜ የነበረውን አነጋገር በትግርኛ ጽፈው ለልጅ ልጃቸው ለማቈየት ፈለጉ። እኛም፥ «አቦይ፥ እርስዎ ይንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን» ብንላቸው፥ «አንተ ከጻፍኸው የአንተ ይሆናል። እኔ ስሕተቱም ሳይቀር የራሴ እንዲሆን እፈልጋለሁ» ሲሉ መለሱልን።

በቤታችን ባለው ኪቦርድ እንዲሞክሩ አደረግን። በዚህ ዓይነቱ ኪቦርድ ከቁልፎቹ ሥር የተነጠፈ ላስቲክ አለ፤ ፊደሉ የሚመዘገበው ቁልፉ ላስቲኩን አጥፎ እስከ ታች ሲደርስ ነው። ፊደሉ መግባቱንና አለመግባቱን ግን ጣት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። አባታችን አንድ ቀን ጧት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠው አንድ ገጽ ጻፉ። ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናነብላቸው ግን ከየቃሉ መካከል ፊደል እየጎደለ፥ አንዳንዱም ሦስት ጊዜ እየተደገመ፥ ትርጒም የሌለው ነገር ሆኖ ተገኘ። ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ጠረጴዛው አልቀረቡም።

በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን ያገለገሉ ዕቃዎች ተለይተው በጨረታ እንዲሸጡ ስለ ታዘዘ፥ እኛም ከቈጣሪዎቹ አንዱ ሆነን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገባን። ከተሰበሩ ወንበሮችና ከጠፉ ስክሪኖች መካከል አንድ አመድማ ኪቦርድ አገኘን። ስናነሣው ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝን መሆኑ አስገረመን። ገመዱ እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ነው። በጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተሠራበት ዓመት 1989 መሆኑ ተጽፏል፤ ዓመታቱን የምንጠራው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው። አንዱን ቁልፍ ብንጫነው «ቀጭ» አለ፤ የሌላውም ድምፅ እንደዚያው ጥርት ያለ ነበር። ወዲያው አባታችን ትዝ አሉን።

ይህ ኪቦርድ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1985 ጀምሮ ያወጣው «ሞዴል ኤም» የሚባለው ነው። ኩባንያው የኤሌክትሪክ የጽሕፈት መኪናም ይሠራ ስለ ነበረ፥ በጽሕፈት መኪና የሠለጠነ ጣት በኮምፒዩተር ፊት እንዳይደናገር ብዙ አስቧል። ለብልሃቱ መሠረት የሆነው ሪቻርድ ሃንተር ሃሪስ የተባለው መሐንዲስ ፈልስፎት በ1978 የፈጠራ መብት የተሰጠው ተጣጣፊ ሞላ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በታች አንዲት ቀጭን ሞላ ቆማለች። ጣት ቁልፉን ሲጫን ሞላዋ ትጨመቃለች፤ ከወሰኗ ስታልፍ ግን በድንገት ወደ ጎን ትታጠፍና ድምፅ ትሰጣለች። በዚያው ቅጽበት ከእግሯ ሥር ያለችውን ትንሽ መዶሻ ታዘነብላለች፤ መዶሻዋም ከበታች የተነጠፈውን ስስ የኤሌክትሪክ ሽፋን ስትጫን ፊደሉ ይመዘገባል። ስለዚህ ድምፁና ፊደሉ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ድምፅ ከተሰማ ፊደሉ ገብቷል፤ ካልተሰማ አልገባም። ለማያይ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን አለ?

በኋላ ገበያው ወደ ርካሹ ላስቲክ ስላዘነበለ የዚህ ኪቦርድ ዘመን አጠረ። በ1991 ይህ የሥራ ክፍል ሌክስማርክ ለተባለው አዲስ ድርጅት ተላለፈ፤ ሌክስማርክም ሥራውን በ1996 ሲተው፥ ዩኒኮምፕ የተባለ ድርጅት በኬንታኪ፥ በሌክሲንግተን ከተማ መሣሪያውን ተረክቦ መሥራቱን ቀጠለ። ከውጭ አገር አዲስ ማስመጣት ግን ለእንደ እኛ ያለ ደመወዝተኛ የሚሞከር አይደለም።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ኪቦርዱን አቅፈን መቆማችንን አይተው፥ «ልጄ፥ ይህ እኮ ለሚዛን የቀረበ ፍርስራሽ ነው። ማንም አይጠይቅህም፥ ውሰደው» አሉን። ቃላቸው ከደግነት የመጣ ነበር፤ እኛም ልባችን ተከፍሎ ጥቂት ቆምን። ነገር ግን የመንግሥትን ንብረት የሚቈጥር ሰው ከሚቈጥረው ላይ ቢያነሣ ቍጥሩ ምን ዋጋ አለው? «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፤ ከመዝገቡ ይግባ» ብለን ቍጥሩን ጻፍንበት። ቈጣሪ በጨረታው ሊገባ ስለማይችል ዕቃው ከእጃችን እንደ ወጣ ቈጠርነው።

ጨረታውን ያሸነፈው ነጋዴ ዕቃውን ወደ መርካቶ፥ ወደ ምናለሽ ተራ ወስዶት ነበርና በሚከተለው ቅዳሜ ወደዚያ ሄድን። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳው፥ በዚያ ሰፈር ከአንድ ቦታ የወደቀ ዕቃ ሌላ ቦታ የሚነሣበትን መንገድ ያገኛል። ሱቁን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ኪቦርዱን ያገኘነው ከአንድ የብረት ክምር በታች ነው። ነጋዴውን ዋጋውን ብንጠይቀው፥ «ወንድሜ፥ ይህን የሚፈልግ ሰው እስከ ዛሬ አይቼ አላውቅም» አለንና ጥቂት አስቦ፥ «ስለዚህ ውድ ነው» አለን። ተከራክረን፥ ሁለት ጊዜ ሄደን ተመልሰን፥ በመጨረሻ የአንድ ጥሩ ጫማ ያህል ዋጋ ከፍለን ወሰድነው።

ቤት ስናደርሰው ባለቤታችን ኪቦርዱን ወዝወዝ አድርጋ፥ «ይህ እኮ ውስጡ ተሰብሯል» አለች፤ እውነትዋንም ነበር። የፕላስቲኩን አካል ከበታቹ ካለው ላሜራ ጋር የሚያያይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ችንካሮች በዕድሜ ብዛት ይቈረጣሉ። ብዙዎቹ ሲቈረጡ ላሜራው ይላላል፤ መዶሻዎቹም ሽፋኑን በደንብ መጫን ያቅታቸዋል።

ሳጥኑ የተዘጋው ጥልቅ በሆኑ አራት ቀዳዳዎች ውስጥ በገቡ ብሎኖች ነው፤ በካቻቢቴ አይፈቱም። ራሱ እንደ ቧንቧ ክብና ስስ የሆነ ባለ 5.5 ሚሊሜትር መፍቻ ያስፈልጋል። ይህን ከአንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ጎረቤታችን ተዋስን። ከዚያ ቁልፎቹን እያወለቅን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ አጠብናቸው፤ ፊደሉ በላያቸው የተቀባ ሳይሆን ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ የሰረገ ቀለም ስለ ሆነ አልለቀቀም። ቀጥሎ ኪቦርዱን በፊቱ ደፍተን የቀሩትን የችንካር ራሶች በስለት ቈረጥንና ላሜራውን በቀስታ አነሣነው። በፊቱ መደፋቱ ግድ ነው፤ አለዚያ ከመቶ የሚበልጡት ሞላዎችና መዶሻዎች ከየጕድጓዳቸው ወጥተው ይበተናሉ። የብዙ ዓመት አቧራ በብሩሽ ከጠረግን በኋላ፥ ችንካሮቹ በነበሩበት ሁሉ በቀጭን ፑንታ ቀዳዳ ከፍተን ባለ 2 ሚሊሜትር ትንንሽ ብሎኖችን በዳዶ አሰርንባቸው። ብሎኖቹን ከየጠጋኙ ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት፥ ለማሰር ደግሞ ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ልጃችን ዳዶ በማቀበል ረዳችን።

ከፊደል ቁልፎቹ የሁለቱ ኮፍያ ጠፍቶ ነበር። የዚህ ኪቦርድ ላሜራ ራሱ እንደ ገበታ የጎበጠ ስለ ሆነ፥ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ቁልፎች ከየትኛውም ረድፍ ቢሆኑ ቅርጻቸው አንድ ነው። ስለዚህ ከላይኛው ረድፍ ሁለት አውልቀን በጎደለው ቦታ ተከልን። አሁን በኬ ቦታ የተቀመጠው «ኤፍ 11» የሚል ጽሕፈት አለው፤ አባታችን ግን በጽሕፈቱ አይመሩም። የሚመራቸው በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ ያለችው ትንሽ ጕብታ ናት። የገመዱን ክብ ጫፍ ከዛሬው ኮምፒዩተር ጋር ለማገናኘት ደግሞ በውስጡ የራሱ ሰርኪዩት ያለው መለወጫ ገዛን።

የጽሕፈት መኪና ፊደላችንን እንዳስቸገረው ይታወቃል። በ40 ጥቂት ቁልፎች ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደላት ሊሰፍሩ ስለማይችሉ፥ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች ለአማርኛ የሚሆን መኪና ለማበጀት ብዙ ደክመዋል። ዛሬ ድካሙን ኮምፒዩተሩ ተሸክሞታል። በ1999 የግእዝ ፊደል፥ «ቐ»ን የመሰሉት የትግርኛ ፊደላት ሳይቀሩ፥ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ገብቷል። በተለመደው አጻጻፍ የኤም ቁልፍ ብቻዋን ስትነካ «ም» ትወጣለች፤ ዩ ስትከተላት «ሙ» ትሆናለች። ስለዚህ ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ አባታችንም ድምፁን እየቈጠሩ ይጽፋሉ።

የመጀመሪያውን ቀን ስናነብላቸው በአሥራ አንድ መስመር ውስጥ አራት ስሕተት ብቻ ተገኘ። «እነዚህ የእኔ ናቸው» አሉ፥ ደስ ብሏቸው። አሁን በቀን ግማሽ ገጽ ያህል ይጽፋሉ፤ ከዚያ የበለጠ አይችሉም፥ ይደክማሉ። ማታ ማታ የጻፉትን የምታነብላቸው ልጃችን ናት። የማታውቀው ቃል ሲያጋጥማት ትጠይቃለች፤ አባታችንም እስክትደግመው ድረስ አያልፏትም። በዚህ ዓይነት ልጅቱ ትግርኛን መመለስ ጀምራለች፤ አንዳንድ ጊዜም እኛ የረሳነውን ቃል ታስታውሰናለች። ባለቤታችን በመጀመሪያ በድምፁ ትማረር ነበር፤ አሁን ግን ድምፁ ሲቋረጥ፥ «አባባ ምን ሆኑ?» ብላ ብቅ ትላለች።

አንባቢዎቻችን ያረጀውን ዕቃ ሁሉ ሰብስበው ቤታቸውን እንዲሞሉ አንመክርም፤ ያረጀ ሁሉ ደግ አይደለምና። የምንመክረው ይህን ብቻ ነው፦ ዕቃ ከመጣሉ በፊት ተከፍቶ ይታይ፤ ምን ሊሠራ እንደ ተበጀና አሁን ለማን ሊጠቅም እንደሚችል ይጠየቅ። በቤታችሁ ዓይናቸው የደከመ ወይም ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ ወላጆች ቢኖሩም፥ «ከእንግዲህ አይችሉም» ከማለታችሁ በፊት የሚይዙትን መሣሪያ መርምሩ። ችሎታው በእነርሱ ዘንድ እያለ፥ ጕድለቱ የመሣሪያው ሊሆን ይችላል።