ከካዛንቺስ እስከ ስታዲየም

ዛሬ ከቤት ሥራዎ ጥቂት ፋታ ወስደው በማለዳ አብረን እንጓዝ። መነሻችን ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ብዙዎቹ ነባር ቤቶች ለልማት ስለፈረሱ፣ ምናልባት እርስዎም ዛሬ የሚኖሩት በሌላ ሰፈር ይሆናል። መንገዱን ግን እግርዎ አይረሳውም።

ቁልቁል ሲወርዱ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ያገኛሉ። ቀጥሎ እስጢፋኖስን ተሳልመው መስቀል አደባባይ ይደርሳሉ፤ ከማዶ የአዲስ አበባ ስታዲየም ይታያል። ሁሉም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። ጎህ ሲቀድ በአደባባዩ መሮጥ የቆየ የከተማችን ልማድ ነው። ቱታ ለብሰው ከሚሮጡት መካከል ልጃገረዶችን ሲያዩ አንድ ጥያቄ ያንሡ፦ እነዚህ ልጆች እዚህ ለመድረስ ስንት ዘመን ፈጀባቸው?

አገራችን በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው ኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። የተወዳደሩት ስፖርተኞች 12 ብቻ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዲትም ሴት አልነበረችም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እናቶች ለእንቁጣጣሽ ጉድ ጉድ በሚሉበት ዕለት፣ አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1957 በቶኪዮ ደገመው፤ በ1961 ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ሠለሰው። በዚህ ሁሉ ደስታ ውስጥ የሴቶች ድርሻ እልልታው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ከሞስኮ ሁለት ወርቅ ይዞ ሲመለስ፣ በቡድኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሴቶች ተሰልፈው ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በፖለቲካ ምክንያት ከሎስ አንጀለስም ከሴኡልም በመቅረቷ በሩ እንደገና ለ12 ዓመት ተዘጋ። ለአንዲት ሯጭ 12 ዓመት ማለት ሙሉ የሩጫ ዕድሜዋ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ዕለት፣ የአርሲዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን በመጨረሻው ዙር ጥላት ገባች። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለቱ ሯጮችም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚ ሆነች። ደራርቱ ደግሞ ልጅ ወልዳ ካሳደገች በኋላ፣ መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ያንኑ ርቀት ዳግም አሸነፈች። «ከወለደች አበቃላት» ለሚሉ ሁሉ ይህ በቂ መልስ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ከለንደን የመጡት ሦስት ወርቆች በሙሉ የሴቶች ናቸው፤ የጥሩነሽ ዲባባ፣ የቲኪ ገላናና የመሠረት ደፋር። ከባርሴሎና እስከ 2016ቱ የፓሪስ ጨዋታ ድረስ አገራችን ካገኘቻቸው 19 ወርቆች 10ሩን ያመጡት ሴቶች ናቸው። ዕድሉን ለማግኘት ዘገዩ እንጂ፣ ካገኙት በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሸክም ተሸከሙ።

እንግዲህ ወደየቤታችን እንመለስ። ሴቶች ሲያሸንፉ በቴሌቪዥን ፊት ቆመን እልል እንላለን። በማግሥቱ የራሳችን ልጅ «ልሩጥ» ስትል ግን ብዙዎቻችን «ዕቃው ሳይታጠብ?»፣ «ሰው ምን ይላል?» እንላታለን። ወንድሟ ኳሱን ይዞ ሲወጣ የሚጠይቀው የለም። ሴት ልጅን ከሜዳ የሚያስቀራት የጉልበት ማነስ ሳይሆን የጊዜ ማጣት ነው፤ ጊዜዋን የሚወስድባት ደግሞ ለእሷ ብቻ የተተወው የቤት ሥራ ነው።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የቤቱን ሥራ ለወንድም ለሴትም እኩል እናከፋፍል። ወንድ ልጅ ሽንኩርት ቢልጥ ክብሩ አይቀንስም። ሁለተኛ፣ ለልጃችን በሳምንት ጥቂት ሰዓት የራሷ ጊዜ እንስጣት፤ ጨለማው ካስፈራን አብረናት እንውጣ። ሦስተኛ፣ በየመሥሪያ ቤታችን የስፖርት ክለብ ካለ፣ የሴቶች ቡድን መኖሩን እንጠይቅ፤ ከሌለም እንዲቋቋም በስብሰባ ላይ እናንሣ። ብዙዎቹ ስመ ጥር ሯጮቻችን ያደጉት በሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በባንክና በመብራት ኃይል ክለቦች ውስጥ መሆኑን አንርሳ።

ሁሉም ልጅ ሜዳሊያ አያመጣም፤ ማምጣትም የለበትም። ጤና፣ በራስ መተማመንና የጓደኛ ፍቅር ግን ሜዳ ለወጣች ልጅ ሁሉ ይደርሷታል። ነገ ማለዳ ልጅዎ ጫማዋን ስታስር ቢያገኟት «ወዴት ነው?» ብለው ከመቆጣትዎ በፊት ነጠላዎን ያንሡና እስከ አደባባዩ ይሸኟት። የቁርሱን ዕቃ ወንድሟ ያጥበዋል።