ሐሜት የተባለው ምስክርነት

ቅዳሜ ማታ ነው። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ብዙ የሜክሲኮ ተወላጆች የሚኖሩበት ቦይል ሃይትስ የሚባለው ሰፈር። ልጆች ተኝተዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን፣ ትንሽ አይብና ቶርቲያ ቀርቧል፤ አራት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ብርጭቆ ስለ ሥራና ስለ ቤት ኪራይ ይወራል። ሁለተኛው ሲቀዳ አንዷ ድምጿን ዝቅ ታደርግና «ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም» ትላለች። እንዲህ ያለ ምሽት የሚጀምረው ያኔ ነው።

አንዷ ትዳሯ ከፈረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሜክሲኮ ያሉት እናቷ ግን እስካሁን አያውቁም። ሌላዋ በየወሩ ወደ አገር ቤት የምትልከው ገንዘብ ከደመወዟ ሳይሆን ከብድር እንደሆነ ትናገራለች። ሦስተኛዋ ወልዳ ለወራት ልጇን ማቀፍ ያስጠላት እንደነበር፣ «ምን ዓይነት እናት ነኝ» እያለች ሌሊቱን ታነጋው እንደነበር ታወራለች። ማንም አይፈርድም። ይለቀሳል፣ ይሳቃል፣ ወይኑ ይጨመራል።

እነዚህ ሴቶች እርስ በርሳቸው «ኮማድሬ» ይባባላሉ። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አበልጅ ማለት ነው። አንዷ የሌላዋን ልጅ ክርስትና አንስታለች። በስፓኒሽ ግን ከዚሁ ቃል የተወለደ ግስ አለ፦ «ኮማድሬያር»። ትርጉሙ ማማት ነው። ልብ በሉ፣ ቋንቋው ራሱ ፈርዶባቸዋል፤ አበልጆች ተገናኝተው ካወሩ ሐሜት ነው። በዚያ ላይ «ቆሻሻ ልብስ የሚታጠበው እቤት ነው» የሚል ብሂል አላቸው። በእኛው አነጋገር ገበናህን ሸፍን እንደማለት ነው።

ገበና መሸፈን ደግ ነገር ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ሽፋኑ ማንን ይጠቅማል የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ከዚያው ሰፈር መውጣት አያስፈልግም።

ቦይል ሃይትስ ውስጥ ትልቅ የካውንቲ ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ሊወልዱ ከገቡ የሜክሲኮ ተወላጅ እናቶች መካከል፣ ምጥ ላይ እያሉ በማያነቡት እንግሊዝኛ የተጻፈ የስምምነት ቅጽ እንዲፈርሙ የተደረጉና የማህፀን ቱቧቸው የተቋጠረ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከእንግዲህ እንደማይወልዱ ያወቁት ቆይተው ነው። ያወቁትም ዝም አሉ። ብዙ ልጅ ማፍራት ክብር በሆነበት ቤት ይህን ለባል መንገር ከባድ ነበር። እያንዳንዷ «የደረሰው በእኔ ብቻ ነው» ብላ ብቻዋን አፈረች።

ከዚያ አንቶኒያ ኸርናንዴዝ መጣች። ገና ከሕግ ትምህርት ቤት የወጣች፣ ራሷም ሜክሲኮ የተወለደች ጠበቃ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ሴቶቹን ፈለገች፤ አዳመጠቻቸው። ዶሎሬስ ማድሪጋልና ሌሎች 9 ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1975 ክስ መሠረቱ። በ1978 ተሸነፉ። ዳኛው ጉዳዩን በሐኪሞችና በታካሚዎች መካከል የተፈጠረ አለመግባባት አድርገው አዩት።

ፍርዱ ቢጠፋባቸውም ታሪኩ ወደ ጓዳ አልተመለሰም። በዚያው 1978፣ ይህና በሌሎች ግዛቶች የተነሱ መሰል ጉዳዮች ካስነሱት ጩኸት በኋላ፣ የፌዴራሉ መንግሥት አዲስ ደንብ አወጣ። በፌዴራል ገንዘብ የሚደረግ ቱቦ ማስቋጠር ከፊርማው በኋላ የ30 ቀን ማሰቢያ ጊዜ እንዲኖረው፣ ማብራሪያውም ታካሚዋ በሚገባት ቋንቋ እንዲሰጥ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ «ኖ ማስ ቤቤስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ ከሴቶቹ የተወሰኑት በዕድሜ ገፍተው፣ ያን ያፈሩበትን ነገር ካሜራ ፊት ተናገሩ።

ይህ ሁሉ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ሴቶቹን ጸጥ ያሰኛቸው ሕግ ወይም ፖሊስ አልነበረም፤ እፍረት ነበር። እፍረት ደግሞ የሚኖረው ሰው ብቻውን እስከሆነ ድረስ ነው። ሁለተኛዋ ሴት «እኔም» ስትል የግል ጉድ የነበረው ነገር የጋራ ጥያቄ ይሆናል።

በላቲን አሜሪካ እንዲህ ያለው ንግግር ስም አለው፤ «ቴስቲሞኒዮ» ይሉታል፣ ምስክርነት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ያሉ 18 ላቲናዎች በጋራ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ለዓመታት እየተገናኙ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ገላቸው፣ ስለ ሕመማቸውና በየዩኒቨርሲቲው ስለደረሰባቸው ንቀት ሲነጋገሩ ቆይተው የጻፉት ነው። የተማሩ ሴቶች ናቸው፤ ብዕር በእጃቸው ነበር። ሆኖም እነሱም መጀመሪያ የሚያዳምጣቸው ጓደኛ አስፈልጓቸዋል።

በእርግጥ ወይን ጠጥቶ የተናገረ ሁሉ ጀግና አይደለም። ማታ የተነገረ ምስጢር ጠዋት ሰፈር ያዳረሰበት ጊዜ ሞልቷል፤ ያኔ ሐሜት የሚለው ስም ይገባዋል። ልዩነቱ ያለው ባለታሪኳ ላይ ነው። ሰው የራሱን ቁስል ራሱ ሲገልጥ ምስክርነት ነው፤ የሌላውን ሲገልጥ ሐሜት ነው። ወይኑም ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ሳይቸኩሉና ሳይፈርዱ የሚያዳምጡ ሦስት ጆሮዎች መኖራቸው ነው።

ስለዚህ ሴቶች ተሰብስበው ሲያወሩ «ደግሞ ሐሜት ጀመሩ» የሚል ሰው፣ እነዚያን የሎስ አንጀለስ እናቶች ያስታውስ። በጊዜው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቢያወሩ ኖሮ፣ ጠበቃዋ ደጃፋቸውን እስክታንኳኳ ድረስ ብቻቸውን ባላፈሩ ነበር።

ቦይል ሃይትስ ላይ ጠርሙሱ ተጋምሷል። አራተኛዋ ሴት እስካሁን አልተናገረችም። የሚያስቸኩላትም የለም።