የአምቦ መንገድና የእናቶች መብት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ አምቦ ይደርሳል። አምቦ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን በፍል ውኃዋና በማዕድን ውኃዋ የታወቀች ናት። ከዚያ ጥቂት ገፋ ሲሉ ጉደር ትገኛለች። በነዚህ ከተሞች ገበያ ውለው፣ ቢሮ ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው ቤት የሚያቀኑት እናቶች ናቸው።

ብዙ መንገደኛ ልብ የማይለው ነገር ቢኖር፣ የአዲስ አበባን ወሰን ሲያልፍ የቤተሰብ ሕጉም መለወጡን ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ ሕግ ሲሆን፣ አምቦ ላይ የሚሠራው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም በዋናው ጉዳይ ይስማማሉ፤ ይኸውም ተጋቢዎች 18 ዓመት ሊሞላቸው ይገባል፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው፤ በትዳር ያፈሩት ሀብትም የጋራቸው ነው።

ይህ በዋዛ የተገኘ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር።

በኦሮሞ ባህል ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ጩኸቷን የሰሙ እናቶችም ይከተሏታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ይህንኑ ተግባር በፍርድ ቤት ይዞ ተነሣ። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ ከመሟገቱም በላይ ሕጎቹ እንዲሻሻሉ ታግሏል። በአርሲ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች የ14 ዓመት ተማሪም በማኅበሩ ጠበቆች ተከራክራ፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቃለች። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን የጠላፊ መሸሸጊያ አስቀርቶ፣ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በጋናም ፊዳ የሚባሉት የሴት ጠበቆች ማኅበራት ለሴቶችና ለሕፃናት ይሟገታሉ።

ሕግ ግን ካላወቁት አይጠቅምም። ስለዚህ፣ እናቶች ሆይ፣ በባህልም ብትጋቡ ጋብቻችሁን በቀበሌ አስመዝግቡ፤ የልጃችሁንም የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። የ14 ዓመቷን ልጅ «18 ሞልቷታል» የሚል ሽማግሌ ደጃችሁን ሲያንኳኳ፣ የምትመልሱለት በዚያች ወረቀት ነውና።