ለደሳስ የተሠራ ሳጥን

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። በገዳሪፍ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረው ጎንደሬ አናጺ ግን ከልጥም አልፎ የተጠቀለለ የውሃ ቱቦ ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ነበር። ምክንያት ነበረው። በወጣትነቱ በመተማ ተሻግሮ ሰሊጥ አጨዳ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት፣ አብሮት ነዶ ሲያቅፍ የነበረ የአገሩ ልጅ እጁን ተነድፎ፣ በሦስተኛው ቀን ከድዱና ከአፍንጫው ደም እየፈሰሰ ሲሞት አይቷል። እንዲህ አድርጎ የሚገድለው እፉኝት ነው፤ መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ለሚውል ሰው ግን ነገሩ ከዚያ በፊትም ችላ የሚባል አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. በጋ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ክዳኑ የተበሳሳ የቀለም ባልዲ ይዞ ወደ አናጺው ሥራ ቤት መጣ። ልጁና ቤተሰቡ ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸው ናቸው፤ በአናጺው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

«ዓሚ፣ ሳጥን ሥራልኝ» አለ።

«ለምን የሚሆን?»

«ለደቢብ።»

ደቢብ በሱዳኖች አነጋገር እባብ ነው። አናጺው መጋዙን ጥሎ ከግድግዳው ተለጠፈ።

በባልዲው ውስጥ የነበረው ዐረቦች ደሳስ የሚሉት፣ በእኛ ቋንቋ የአሸዋ ዘንዶ ብንለው የሚያስኬድ ፍጥረት ነው። ዘንዶ መባሉ አያስፈራ፤ ሴቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ናት፤ ወንዱ ከዚያም ያንሳል። መርዝ የለውም። ቀኑን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ ዐይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ያደባና አይጥ ወይም እንሽላሊት ሲያልፍ ጠምጥሞ አፍኖ ይውጣል። በበጋ የሚሰነጣጠቀው የገዳሪፍ ጥቁር አፈር አይስማማውም፤ ልጁም ያገኘው ወደ ቡጣና በሚወስደው አቅጣጫ ከደረቀ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ነው። የሚያስገርመው፣ ይኸው የእኛ አካባቢ ፍጥረት በአውሮፓና በአሜሪካ ቤት ውስጥ ከሚያድጉት እባቦች በጣም ከተለመዱት አንዱ መሆኑ ነው።

የልጁ አባት በካርቱም የባዮሎጂ መምህር የነበሩ ናቸው። ነገሩን ሰምተው መጡና አናጺውን ከግድግዳው አላቀቁት። «የእፉኝት ራስ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ነው» አሉት። «የዚህን ተመልከት፤ ራሱና አንገቱ አይለይም፣ ጅራቱም ዱልዱም ነው። እፉኝት ቢሆን ኖሮ ተጠማዞ ቅርፊቱን እያፋተገ፣ ውሃ እንደተረጨበት የጋለ ምጣድ በጮኸ ነበር።» እውነት ነው። ይሁንና ይህ ልዩነት ለሚያውቅ ሰው ብቻ ይጠቅማል፤ ሁለቱም ቡናማና ዝንጉርጉር በመሆናቸው በማታ ብርሃን አንዱን ከሌላው ለይቻለሁ ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል።

አናጺው ግን ወዲያው አልተረታም። ደሳስ እንቁላል ሳይጥል ልጆቹን የሚወልድ መሆኑን ሲሰማ ጭራሽ ጥርጣሬው በረታ። ከጥንት ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ ይላል፤ ይህም አፈ ታሪክ ከቤተ ክህነት ወጥቶ በሕዝብ አፍ የኖረ ነው። የደሳስ እናት ግን ወልዳ በደኅና ትሄዳለች። በአንጻሩ በሱዳንና በኢትዮጵያ ቆላ የሚኖረው እፉኝት እንቁላል ይጥላል።

በመጨረሻ ሥራው ተጀመረ። ለ60 ሳንቲ ሜትር እባብ የ90 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና የ45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ይበቃል፤ ከፊት መስታወት፣ ከጎን ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጠባብ የወንፊት ሽቦ። ወንፊቱ ዝቅ ካለ እባቡ አፍንጫውን እያሸ ይቆስላል። ወለሉ ላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፋል። አናጺው ለመጠለያ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአሸዋው ላይ ሲያኖር መምህሩ አስቆሙት። ደሳስ ከሥር እየቦረቦረ የሚሄድ ስለሆነ ድንጋዩ ሰርጎ ይጨፈልቀዋል፤ ስለዚህ ድንጋዩ አስቀድሞ በሳጥኑ ወለል ላይ ይቀመጥና አሸዋው በዙሪያው ይፈስሳል።

በብርድ አገር እባብ የሚያሳድግ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ሙቀት ነው። ከሳጥኑ አንዱን ጫፍ በአምፖል እስከ 33 ዲግሪ ያሞቃል፤ ሌላውን 26 ገደማ ያደርገዋል፤ እባቡም እንደ ፍላጎቱ ይመላለሳል። በገዳሪፍ ግን ችግሩ ግልብጥ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መስታወት ያለው ሳጥን ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ምድጃ ይሆናል። ለማሞቅ ሳይሆን ለማቀዝቀዝ ዘዴ የፈለገው አናጺው ራሱ ነው፦ ሳጥኑን ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ባለው ክፍል መሬት ላይ፣ አንዱን ጫፉን ወደ ዚሩ አስጠግቶ አኖረው። ላብ የሚያወጣው የሸክላ ጋን ውሃውን እንደሚያቀዘቅዝ አጠገቡ ያለውንም ያቀዘቅዛል። ከሰኔ ጀምሮ ክረምቱ ሲገባ ግን ከዚሩ መራቅ ይኖርበታል፤ አሸዋው ከረጠበ የእባቡ ቆዳ ይቆስላል፣ ሳንባውም ይታመማል። ምግቡ በ10 ወይም በ14 ቀን አንድ አይጥ ነው፤ ከእህል መጋዘን የተያዘ ግን አይሆንም፤ መርዝ የበላ ሊሆን ይችላል።

ያጣላቸው መዝጊያው ነው። አናጺው ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ ገጥሞ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት፤ ቁልፉንም በኪሱ ከተተ። ልጁ ይህን ሲያይ አለቀሰ። አናጺው የንቀት መስሎት ተቆጣ። መምህሩ ናቸው ያስረዱት።

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደር፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የተቋቋመ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። መምህሩ ልጃቸውን እየወሰዱ እባቦቹን በመስታወት ውስጥ ያሳዩት ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ለእኛ ቀዳም ስዑር የዋለበት ዕለት ነው፣ ሙዚየሙ ለጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ቅርብ በመሆኑ ጠባቂዎቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። ከ100 በላይ የነበሩት ሕያዋን እንስሳት፣ ተሳቢውም ወፉም አጥቢውም፣ በተዘጋባቸው ቤት በረኃብና በውሃ ጥም አለቁ ተባለ። እባብ ያለ ምግብ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ በሙቀት ያለ ውሃ ግን አይሆንለትም። ልጁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «እንደገና ብንሸሽ ማን ይከፍትለታል?»

አናጺው በዚያ ቀን አልመለሰም። በማግስቱ ማለዳ ጓጉንቸሩን ፈትቶ በምትኩ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ አበጀ፤ ከውስጥ የሚገፋ እባብ አያነቃንቀውም፣ ከውጭ ግን ማንኛውም መንገደኛ በሁለት ጣቱ ይመዝዘዋል። ሳጥኑንም ወደ ራሱ በር አስጠጋው። ልጁ በማይኖርበት ቀን የውሃ ሳህኑን የሚሞላው እርሱ ሆነ፤ እጁን ግን አላስገባም፤ በወንፊቱ ጥግ በበሳት ቀዳዳ፣ ቀድሞ ሲያየው ይደነግጥ በነበረው የውሃ ቱቦ ነበር የሚያፈስሰው።